ሕመም ሌላ፣ እብጠት ሌላ

በፌብሩዋሪ 1807 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው) አይላው በምትባል የምሥራቅ ፕሩሺያ ከተማ ደጃፍ የናፖሊዮንና የሩሲያ ሠራዊት ለሁለት ቀን ተጨፋጨፉ። ብርዱ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የናፖሊዮን ክብር ዘብ ዋና የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ ነፋስ በሚገባበት ጎተራ ውስጥ ቆሞ የቁስለኞችን እጅና እግር ይቆርጣል። ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በመድፍ የደቀቀ አጥንት በዚያ ዘመን ካልተቆረጠ ቁስሉ ተመርዞ ሰውየውን ይገድለዋል። ማደንዘዣ ደግሞ ገና አልመጣም፤ ኤተር በአደባባይ ለቀዶ ሕክምና የዋለው በ1846 ነው። የዚያ ዘመን ሐኪም ለበሽተኛው ሊያዝንለት የሚችለው ቶሎ ቆርጦ በመጨረስ ብቻ ነበር።

ላሬን ያስገረመው የቁስለኞቹ ሁኔታ ነው። ለሰዓታት በረዶ ላይ ተጋድመው የቆዩት ወታደሮች መጋዙ ሲያርፍባቸው ሌላ ጊዜ እንደለመደው አልተሰቃዩም። ብርዱ ሥጋቸውን አደንዝዞት ነበር። ይህንን በጦር ሜዳ ትዝታዎቹ ውስጥ ጽፎ አስቀምጦታል።

ከዚያው ዘመቻ ሌላም ነገር መዝግቧል። ከጦርነቱ በኋላ አየሩ ድንገት ሞቅ አለ፣ ውርጩም መቅለጥ ጀመረ። እግራቸው በድን የሆነባቸው ወታደሮች እየተጋፉ ወደ እሳት ሄዱ። እስከዚያ ድረስ ምንም አላመማቸውም ነበር። እሳት ዳር ከተቀመጡ በኋላ ግን እግራቸው አበጠ፣ ጠቆረ፣ ብዙዎቹም በጋንግሪን ጣቶቻቸውን አጡ። ላሬ ከዚህ የተረዳው በበረዶ የደነዘዘን እግር እሳት ላይ መለጠፍ አደገኛ መሆኑን ነው። እኔ ዛሬ ሳነበው ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ብርድ ሕመምን ዝም ያሰኛል፤ ሕመሙ ዝም አለ ማለት ግን ጉዳቱ ዳነ ማለት አይደለም። ሕክምናው ይህችን ልዩነት ሙሉ በሙሉ ለመረዳት ሁለት መቶ ዓመት ፈጅቶበታል።

ስለ ቅዝቃዜ ሲጽፍ ላሬ የመጀመሪያው አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት አራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ግሪካዊው ሒፖክራተስ ጽፏቸዋል ከሚባሉት አጫጭር የሕክምና ምክሮች መካከል አንዱ፣ ቁስል የሌለው ያበጠ መገጣጠሚያና ወለምታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በብዛት ማፍሰስን ያዛል። እብጠቱም ይቀንሳል፣ ሕመሙም ይታገሳል ይላል። ልብ በሉ፤ ሕመሙና እብጠቱ በአንድ ትንፋሽ ነው የተነሡት። ከእሱ በኋላ የመጡትም ሁሉ እንዲሁ አንድ ላይ እንዳሰሯቸው አለፉ።

የብራይተኑ ሐኪም ጄምስ አርኖት ግን ነገሩን ከአጋጣሚ አውጥቶ ሙያ አደረገው። ብራይተን ከለንደን በስተደቡብ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። አርኖት በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ እዚያ ሲሠራ የተጠቀመበት መሣሪያ ማንኛውም ወጥ ቤት ውስጥ የሚገኝ ነው፦ በረዶና ጨው። በረዶውን በጨርቅ ጠቅልሎ ያደቅቃል፤ በሁለት እጅ በረዶ አንድ እጅ ያህል ጨው ይጨምርበታል። ጨው በረዶውን በግድ ያቀልጠዋል። በረዶ ደግሞ ለመቅለጥ ሙቀት ስለሚፈልግ ከራሱና ከነካው ነገር ሁሉ ይስባል። ስለዚህ ድብልቁ እየቀለጠ ሳለ ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል። አርኖት ይህን በስስ ከረጢት ቋጥሮ በሽተኛው ቆዳ ላይ ያሳርፈዋል። መጀመሪያ ይቆነጥጣል። ቀጥሎ ያቃጥላል። ከዚያ ቆዳው በድንገት እንደ ሞራ ነጭና ደረቅ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ምላጭ ቢያርፍበት እንኳን ሰውየው አይሰማውም።

አርኖት በዚህ ዘዴ ላይ ሙጭጭ ያለበት ምክንያት ነበረው። በ1847 ክሎሮፎርም ሥራ ላይ ዋለ፤ ወዲያው በ1848 መጀመሪያ በሰሜን እንግሊዝ አንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ የእግሯ ጥፍር ሊነቀልላት ክሎሮፎርሙን አሽታ እዚያው ሕይወቷ አለፈ። ለአንድ ጥፍር! አርኖት ለእንዲህ ያለው ትንሽ ሥራ ሰውን ጨርሶ ማስተኛት ምን ይባላል፣ ቆዳውን ማደንዘዝ ይበቃል እያለ ተከራከረ። መሣሪያውንም በ1851 ለንደን ላይ በተካሄደው ታላቁ ዐውደ ርእይ አቅርቦ ተሸለመበት። ራስ ምታትንና የነርቭ ሕመምን በቅዝቃዜ አከመ፤ የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ላይ ሳይቀር ሞከረው፣ ሕመሙና ደሙ ጋብ እንዳለላቸውም ጻፈ። ዛሬ የቆዳ ሐኪም ኪንታሮትን በፈሳሽ ናይትሮጅን ሲያቃጥል የአርኖትን መንገድ ነው የሚከተለው።

ሆኖም አርኖት ከማደንዘዝ አልፎ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ቅዝቃዜው ብግነትን፣ ማለትም የተጎዳ አካል የሚያሳየውን መቅላት፣ መሞቅና ማበጥ፣ ያስቆማል ብሎ ጻፈ። ሕመሙ ሲጠፋ አይቷል። ብግነቱ ቢቆም ለበሽተኛው ይጠቅመው እንደሆነ ግን በዚያ ዘመን የጠየቀ የለም። ለምን ይጠየቃል? እብጠት ክፉ መሆኑን ማን ይጠራጠራል?

አርኖት ተረሳ። የእሱ በረዶ ከቆዳ አልፎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ሐኪሞቹ ደግሞ ሆድ መክፈት ፈለጉ። ኤተርና ክሎሮፎርም አሸነፉ። በረዶ ወደ ቤት ውስጥ መድኃኒትነት ወረደና መቶ ዓመት ያህል እዚያው ቆየ።

ከዚያ የቦስተኑ ልጅ መጣ። በሜይ 1962 አንድ የ12 ዓመት ልጅ በሚሄድ የዕቃ ባቡር ላይ ሊንጠላጠል ሲሞክር ቀኝ እጁ ከትከሻው ሥር ተቆረጠ። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የ30 ዓመቱ ሐኪም ሮናልድ ማልት የሚመራው ቡድን የተቆረጠውን እጅ በበረዶ አቆይቶ መልሶ ሰፋው። ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ የሰው እጅ ተመልሶ ሲተከልና ሲድን የመጀመሪያው ነበር። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ሕዝቡ ከዚህ የያዘው ትምህርት አንድ ነው፦ አደጋ ሲደርስ በረዶ ፈልግ።

በረዶው ለዚያ እጅ በእርግጥም አስፈላጊ ነበር። ከሰውነት የተለየ አካል ደም አያገኝም፤ ደም ከሌለ ኦክስጅን የለም። የቀዘቀዘ ሥጋ ኦክስጅን የሚፈልገው በጥቂቱ ስለሆነ ሐኪሞቹ እስኪደርሱለት ሳይበላሽ ይቆያል። ወለም ያለው ቁርጭምጭሚት ግን ከሰውየው አልተቆረጠም። ደሙ ይደርሰዋል፣ እንዲያውም ጥገናው የሚመጣለት በዚያው ደም ነው። በእኔ ግምት ትልቁ መደበላለቅ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ለማቆየት የተደረገው ለሌላው ማዳኛ ተደርጎ ተወሰደ።

መደበላለቁን በአራት ፊደል ያሰረው ጌብ ሚርኪን ነው። ሚርኪን ራሱ የማራቶን ሯጭ የነበረ፣ በሬዲዮም የሚታወቅ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በ1978 ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ባሳተመው የስፖርት ሕክምና መጽሐፍ ለተጎዳ ስፖርተኛ አራት ነገር አዘዘ፦ እረፍት፣ በረዶ፣ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ የተጎዳውን አካል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ። የአራቱ ቃላት የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደሎች ሲገጣጠሙ «ራይስ» የሚል ቃል ሰጡ። ለማስታወስ የቀለለ፣ ወጪ የሌለው፣ አሰልጣኝም እናትም የምታደርገው ነገር ነበር። ከአሜሪካ የትምህርት ቤት ሜዳ ተነሥቶ ዓለምን ዞረ። በእኛም ስታዲየም ተጫዋች ወድቆ ሲንፈራፈር የቡድኑ ወጌሻ የበረዶ ከረጢቱን አንጠልጥሎ፣ የሚያደነዝዘውን ስፕሬይ ይዞ ሲሮጥ ማየት የተለመደ ሆነ።

ይህ ምክር እኛ ቤት ሲደርስ ግን ሌላ እምነት ቆሞ ጠበቀው። ሀገራችን ብርድን በበሽታ ምንጭነት የምትጠረጥር ሀገር ናት። ወገቡን የያዘው ሰው ብርድ መታኝ ይላል። ያበጠ እግር ቅቤ ይሞቅለታል፣ ይታሻል፣ በሞቀ ጨርቅ ይታሰራል፤ የባሰበት ወደ ፍልውሃ ይወርዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ምልልስ ያልሰማ ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ፦

«እማማ፣ ሐኪሙ እኮ በረዶ አድርግበት ነው ያለኝ።»

«በስመ አብ! ብርድ አጥንትህ ውስጥ ይግባልህ ወይ? ይልቅ ቅቤ ላሙቅልህና ወጌሻው ይጠራ።»

ልጁ የ1978ቱን ሳይንስ ይዟል፤ አያትየው የዘመናት ልማድ ይዘዋል። በሚያስቅ ሁኔታ ሁለቱም ከፊል ልክ ነበሩ፣ ሁለቱም ከፊል ተሳስተው ነበር። ይህ የታወቀው ግን በአይጦች እግር ነው።

በ2010 ኦሃዮ ያለው የክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ አነሡ፦ ብግነት ጨርሶ ባይኖርስ? ለመልሱ ሁለት ዓይነት አይጦች ወሰዱ። አንደኞቹ ደህና ናቸው። ሁለተኞቹ ግን ማክሮፋጅ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶች ወደተጎዳው ቦታ እንዳይጠሩ ተደርገው የተወለዱ ናቸው። የሁለቱንም የእግር ጡንቻ ጎዱ። ጡንቻ ሲጎዳ የሚሆነው ይህ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰፉና ፈሳሽ ወደ ውጭ ያፈሳሉ፤ እብጠት የምንለው ይህን ነው። በፈሳሹ መንገድ ነጭ የደም ሕዋሶች ይገባሉ። ቀድመው የደረሱት የሞተውን ያጸዳሉ። ተከትለው የሚመጡት ማክሮፋጆች ደግሞ ሲያጸዱ ብቻ አይውሉም፤ ተመራማሪዎቹ እንዳገኙት አይጂኤፍ-1 የተባለ፣ ጡንቻ እንደገና እንዲያድግ የሚያዝ ንጥረ ነገር በብዛት ያመርታሉ። በደህናዎቹ አይጦች ጡንቻው ተጠገነ። ማክሮፋጅ ያልደረሰላቸው ግን ብግነቱ ቀረላቸው፣ ጥገናውም አብሮ ተበላሸባቸው።

በዓመቱ በጃፓን የኮቤ ተመራማሪዎች የአይጥን ጡንቻ በመጭመቅ ጎድተው ግማሾቹ ላይ 20 ደቂቃ በረዶ አደረጉ። በረዶ የተደረገባቸው አይጦች ማክሮፋጃቸው ዘግይቶ ደረሰ። ከ28 ቀን በኋላ ጡንቻቸው ሲታይ እድገቱ ከሌሎቹ ያነሰ፣ ጠባሳው ግን የበዛ ነበር።

እንግዲህ እብጠት ከሕመሙ ተለየ። ሕመሙ ምልክት ነው፤ እብጠቱ፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ የጥገናው ሥራ ራሱ ነው።

በማርች 2014 ወደ ሰማንያ የተጠጋው ሚርኪን ራሱ ብዕሩን አነሣ። በረዶውም ሙሉ እረፍቱም ፈውሱን ሊያዘገዩት እንደሚችሉ ጻፈ። በረዶን ለሕመም ማስታገሻ ተወው እንጂ ጨርሶ አልከለከለም፤ እስከ 10 ደቂቃ አድርጎ ለ20 ደቂቃ ማንሣት፣ ይህን አንዴ ወይም ሁለቴ መድገም፣ ከጉዳቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን መተው። ለ36 ዓመት ዓለም በስሙ ሲጠቅሰው የኖረውን ምክር በራሱ እጅ ማረሙ ያስመሰግነዋል። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ይህን ሲያደርግ ብዙ ጊዜ አናይም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ሌላው ጽንፍ ዞረ። በረዶ መርዝ ነው የሚሉ ተነሡ። እኔ ከእነሱ ጋር አልሄድም። የአይጥ እግር ትንሽ ነው፤ በረዶ ቢነካው እስከ አጥንቱ ይቀዘቅዛል። የሰው እግር ወፈር ያለ ቆዳና ስብ አለው፣ ቅዝቃዜው ወደ ውስጥ በዘለቀ ቁጥር ይደክማል። ተጨምቆ የተጎዳ የአይጥ ጡንቻ ደረጃ ሲወርድ ዞር ካለ የሰው ጅማትም ጋር አንድ አይደለም። ኮቤዎቹ ራሳቸው በኋላ በሠሩት ጥናት ጡንቻው የተጎዳው በጥቂቱ ሲሆን በረዶው ፈውሱን እንዳልጎዳ፣ እንዲያውም እንደጠቀመ አይተዋል። በሰው ላይ ከተደረጉት ጥናቶች የማምነው የሰሜን አየርላንዱን የአልስተር ዩኒቨርሲቲን ነው። በ2006 ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ያላቸውን 89 ሰዎች ለሁለት ከፈሉ። አንደኞቹ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ በረዶ ያደርጋሉ፤ ሁለተኞቹ 10 ደቂቃ አድርገው፣ 10 ደቂቃ አርፈው፣ ሌላ 10 ደቂቃ ይደግማሉ። በመጀመሪያው ሳምንት እያቋረጡ ያደረጉት ሲንቀሳቀሱ ሕመማቸው ቀለል አለ። በእብጠቱ ግን ልዩነት አልታየም። በእብጠቱ! የበረዶው ሥራ ነው የተባለው እሱ ነበር።

ያው ዩኒቨርሲቲ በ2010 በ101 ሰዎች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሞከረ። ግማሾቹ በረዶውንና እረፍቱን ብቻ፣ ግማሾቹ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቀለል ያለ የእግር እንቅስቃሴ ጨመሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተሻለ ሁኔታ መራመድ የቻሉት እግራቸውን ያንቀሳቀሱት ናቸው። ከዚህ በኋላ ሐኪሞቹ አራቱን ፊደል ሁለት ጊዜ ቀየሩት፤ በ2012 «ፖሊስ»፣ በ2020 ደግሞ «ፒስ ኤንድ ላቭ»። የሙያው ሰዎች ፊደል መግጠም ይወዳሉ። በመጀመሪያው ለውጥ እረፍት ወጥቶ በልክ ማንቀሳቀስ ገባ። በሁለተኛው በረዶም ከዝርዝሩ ወጣ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብግነትን የሚያጠፉ ክኒኖችም በዘፈቀደ እንዳይዋጡ የሚል ተጨመረ።

ታዲያ በረዶ ጥገናውን የማያፋጥን ከሆነ ሕመሙን በምን ጥበብ ያስታግሳል? የዚህ መልስ የመጣው ከስፖርት ሜዳ ሳይሆን ከሚጥሚጣና ከናና ነው ብል አታምኑኝም ይሆናል። በ1997 ዴቪድ ጁሊየስ የተባለ የካሊፎርኒያ ተመራማሪ ቃሪያን የሚያቃጥል ያደረገው ካፕሳይሲን ነርቭ ላይ የትኛውን በር እንደሚከፍት አገኘ። ያው በር በእውነተኛ ሙቀትም፣ ከ43 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ፣ ይከፈታል። ሚጥሚጣ አፋችንን የሚያቃጥለን ለአንጎል የሚላከው መልእክት የእሳት መልእክት ስለሆነ ነው። በ2002 ደግሞ ጁሊየስና በቤሩት ተወልዶ ያደገው አርደም ፓታፑቲያን፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከሩ፣ ከናና ዘር በሚወጣው ሜንቶል የብርዱን በር አገኙ። ቲአርፒኤም8 ይባላል። በ2021 ሁለቱ የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ሜንቶል ያለበት ቅባት ጉልበታችን ላይ ሲቀባ ጉልበቱ አንድ ዲግሪ እንኳን ሳይቀዘቅዝ የቅዝቃዜ ስሜት የሚሰማን በዚህ በር ነው።

እውነተኛው በረዶ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ቁርጭምጭሚት ላይ በተደረገ ልኬት ቆዳው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ በሥሩ ያለው ነርቭ መልእክት የሚያደርስበት ፍጥነት በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ጉዳቱ እዚያው ነው፤ የዘገየው ወሬው ነው። ላሬ ጎተራ ውስጥ ያየው ይህንኑ ነበር።

ወሬውን ለማዘግየት ግን ብርድ ብቸኛው መንገድ አይደለም። የወጌሻው እጅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአከርካሪ ውስጥ ለሕመም መልእክት በር አለ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። መዳሰስንና መታሸትን የሚያደርሱት ወፍራም ነርቮች ሲሠሩ በሩ ጠበብ ይላል፣ ሕመሙም ያነሰ ያልፋል አሉ። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፤ መሠረቱ ግን ቆሟል። የተመታ ክርናችንን ወዲያው የምናሸው፣ የታመመ ሰው ሲታሽ እፎይ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ በቅቤ ማሸት ሕመም ላይ ይሠራል። ስህተቱ ጊዜውና ኃይሉ ነው። ገና የደም ሥሩ እየፈሰሰ ያለን እግር በመጀመሪያው ቀን በሙቅ ቅቤ አጥብቆ ማሸት ፍሳሹን ያባብሳል፤ ውስጡ ስብራት ካለ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይጨምራል።

የቻይና መርፌም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በጁላይ 1971 የኒውዮርክ ታይምሱ ጄምስ ሬስተን ቤጂንግ ላይ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታመመና በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ማታ ሆዱን ሲነፋውና ሲያስጨንቀው አንድ የቻይና ሐኪም ክርኑና ከጉልበቱ በታች መርፌ ተከለለት፣ የሚጤስ ዕፅም ሆዱ አጠገብ ያዘለት። ቀለል አለኝ ብሎ ጻፈ፤ ጽሑፉ በታላቁ ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ወጣ። በወራት ጊዜ ውስጥ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ገቡ፣ አሜሪካም መርፌውን ወደደችው። ወሬ ሲዞር ይቀየራልና ብዙ ሰው ሬስተን በመርፌ ብቻ ደንዝዞ ሆዱ ተከፈተ ብሎ ያምናል። ሰውየው ግን በግልጽ እንደጻፈው ቀዶ ሕክምናው የተደረገለት በተለመደው የማደንዘዣ መድኃኒት ነው።

ጀርመኖች ነገሩን በቁጥር ሊለዩት ፈለጉ። በ2007 ይፋ በሆነው ጥናታቸው ወገባቸውን የሚያማቸው 1,162 ሰዎች ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንደኞቹ በቻይናው ደንብ መርፌ ተተከለላቸው። ሁለተኞቹ ከደንቡ ውጭ፣ በማንኛውም ቦታና ላይ ላዩን ተወጉ። ሦስተኞቹ የተለመደውን ሕክምና፣ መድኃኒትና ስፖርት፣ አገኙ። ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 47.6 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 44.2 በመቶ፣ ከሦስተኞቹ ግን 27.4 በመቶ ተሻላቸው። መርፌው ከተለመደው ሕክምና በለጠ፤ ግን የት እንደተተከለ ብዙም ለውጥ አላመጣም። የሚያስገርመው ይህ ነው። የሐኪሙ ትኩረት፣ የመርፌው ጥቂት ቁንጠጣ፣ የበሽተኛው ተስፋ ተደማምረው የሕመሙን በር ያጠቡታል። ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ትከሻው ላይ ይዞት የታየውን ወይን ጠጅ ክብ የተወው የዋግምት ሕክምና፣ የእኛም የቀንድ ዋግምት፣ ከዚህ የተለየ ሥራ እንደሚሠሩ የሚያሳምን ማስረጃ አላየሁም። ዋግምቱ ላይ ደግሞ ምላጭ ስለሚገባበት የደም ተላላፊ በሽታ አደጋ አለው። ንጹሕ መሆኑን እርግጠኛ ካልሆኑ ይቅርብዎት።

እንግዲህ ዛሬ እግሩ ወለም ላለው ሰው የምለው ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ስብራት አለመኖሩን ይዩ። የካናዳዋ ኦታዋ ሐኪሞች በ1992 ያወጡት መለኪያ ቀላል ነው፤ አራት እርምጃ መራመድ ካቃትዎት፣ ወይም የቁርጭምጭሚትዎ ግራና ቀኝ ጉብ ያለው አጥንት በኋላ ጠርዙ ወይም በጫፉ ሲጫኑት የሚያምዎት ከሆነ ራጅ ያስፈልግዎታል። ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሕመሙ ካስቸገረዎት በረዶን በጨርቅ ጠቅልለው 10 ደቂቃ ያድርጉና ያንሡት፤ ከፈለጉ ቆይተው ይድገሙት። ይዘውት አይተኙ። ቆዳን በቀጥታ የነካ በረዶ ያቃጥላል፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ላዩን የሚያልፈውን ነርቭ ለረጅም ሰዓት ያገኘው እንደሆነ ደግሞ እግርን ለጊዜው ሊያሰንፍ ይችላል። ስኳር በሽታ ያለበትና እግሩ የሚደነዝዘው ሰው፣ ቅዝቃዜው ሲጎዳው ስለማይሰማው፣ በረዶውን ይተወው። ሲያስሩት ጠበቅ እንጂ ጥብቅ አይሁን፤ በሀገራችን ሆስፒታሎች ወጌሻ በቀርከሃና በጨርቅ አንቆ ያሰረባቸው ልጆች ጋንግሪን ይዟቸው እጅና እግራቸው ሲቆረጥ ሐኪሞች ደጋግመው አይተዋል፣ ጽፈዋልም። ከታሰረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ የዚያኑ ሰዓት ይፈታ፣ ጠዋትን አይጠብቁ። ሕመሙ ፋታ በሰጠዎት ጊዜ እግርዎን ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት፤ በረዶው ይህን ፋታ ከሰጠዎት ሥራውን ጨርሷል።